አማ ጡሜ የማይጠሩት ስም

አማ ጡሜ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ልጃቸው ማርቆስ ነው። «አማ ዛሬ ጠዋት ሄደች፤ ቀብሩ ነገ ዱራሜ ነው» አለኝና ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋው። እኔም መልሼ አልደወልኩለትም። በማግስቱ ከልጄ ከሐና ጋር ከሆሳዕና ተነስተን ሄድን።

የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የጸሎት ቤቱ ጸሐፊ ነበር። ድምፅ ማጉያው እየጮኸ አስቸገረው። የት እንደተወለዱ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ መቼ ጌታን እንደተቀበሉ አነበበና «ከአቶ ጴጥሮስ...» ብሎ ቆመ። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ «ከአቶ ጴጥሮስ ጋር በጋብቻ ተወስነው» ብሎ ቀጠለ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው «የሰውየውን አባት ረሱት እንዴ?» አሉ። ፊት ወንበር ላይ የነበረው ማርቆስ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር።

አልተረሳም። ስሙን እኔ አውቀዋለሁ፤ ማርቆስም የገዛ አያቱን ስም አይረሳም። ሐና እንኳ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ሳለች ታውቀው ነበር። ሎምባሞ ይባሉ ነበር፤ የአማ ጡሜ አማት ናቸው።

ሆሳዕና የሄድኩት በመምህርነት ተመድቤ ነው። ከዚያ በፊት አንጋጫ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ አስናቀች ከምትባል ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ተጋርተን። በኋላ እሷን ወደ ሙዱላ፣ እኔን ወደ ሆሳዕና አዛወሩን። እኔ ቶሎ አገባሁና ሐናን ወለድኩ። የተከራየሁት ቤት ከአማ ጡሜ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። አማ በከምባትኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሃዲያውም ጉራጌውም፣ እንዲያ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ባላቸው አቶ ጴጥሮስ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እኔ ስደርስ ግን ሞተው፣ የስፌት መኪናቸው ብቻ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ይዛ ነበር።

አማ ጡሜ አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሴት ነበሩ። በየሄዱበት ቤት በር አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ወደ ውስጥ ዝለቁ ቢባሉ «እዚህ ሆኜ የሚመጣውን ልይ» ይላሉ። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ መዳፋቸውን ግራና ቀኝ በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ፤ እጃቸው ንጹሕ ቢሆንም። ያንን ሲያደርጉ ያየ ሰው እውነት እንደሚመጣበት ያውቃል። አማ ጡሜ አይዋሹም። ይህን ስል ለሙታን የሚባለውን ማለቴ አይደለም፤ አብሯቸው ለኖረ ሰው ችግር ነበር።

አንድ ጊዜ ወጥ ሠርቼ አቀመስኳቸውና «ጨው አንሶት ይሆን?» አልኳቸው። ቀመሱ፤ አሰቡበት። «ጨው ብቻ አይደለም። ምንም የለውም» አሉ። ከዚያ «እሱን ለኔ ተዪው» ብለው ድስቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱና አስተካክለው መለሱልኝ። እሱን ለኔ ተዪው የዘወትር ቃላቸው ነው። አጥር ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲሞት ሁሉ ይሉታል።

የባሰው የመሠረተ ትምህርቱ ነው። በቀበሌያችን እናቶችን ከሰዓት በኋላ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ተመዝግበዋል፤ እኔም ሠላሳ እየተማሩ ነው ብዬ ሪፖርት አቅርቤአለሁ። ሁሉም መምህር የሚያደርገው ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ጓድ መምህርት ሠላሳ እናቶችን ከመሃይምነት እያወጣች ነው። እስቲ ከእናቶች አንዷ ምስክርነት ትስጥ» አለ። አማ ጡሜ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተነሱ።

«አራት ነን» አሉ። «አራተኛዋም ትተኛለች።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገመገምኩ። ቤቴ ስገባ አማ ጡሜ ቆጮና ጎመን ይዘው ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ተናደድሽ?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «ጥሩ ነው። ብዪ» አሉና ሳህኑን ሰጡኝ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ የሚጠየቅበት ነገርም አልታያቸውም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። በከምባታ ባሊሻ የሚባል ልማድ አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። አማቷ ሎምባሞ ከሆኑ ሎሚም አትልም። አማ ጡሜ ሙሽራ ሆነው ሲገቡ እንዲሁ ጀምረው ነበር። ጌታን ሲቀበሉ ግን ትተውታል፤ ልማዱ የድሮ ነገር ነው ብለው የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች አስተምረዋቸዋል። መተዋቸውንም ይኮሩበት ነበር። «አፌ የተፈታው ያኔ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ የአማታቸው ስም ከአፋቸው አይለይም። ሎምባሞ እንዲህ አለኝ፣ ሎምባሞ እንሰት ተከለልኝ፣ ሎምባሞ ቢያይሽ ይስቅብሽ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የነበሩ አንድ ባልቴት ይህን ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው ይገቡ ነበር።

ሐና በእሳቸው ጉልበት ላይ ነው ያደገችው። ጨዋታ ነበራቸው። ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጧትና «ፈረሱን ጫነ ማን? ገበያ ወጣ ማን?» እያሉ ያንቀጠቅጧታል፤ ከዚያ «ሎምባሞ!» ብለው ወደ ላይ ይወረውሯታል። ሐና ከ«እማ» ቀጥሎ አጥርታ የተናገረችው ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም። መወርወር ባማራት ቁጥር ሁለት እጇን አንስታ ትለዋለች።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ ማርቆስ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ምልምሎቹን ይዞ ከሚሄደው መኪና ላይ ዘሎ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ልጅ ሲጠፋ እናት ትያዛለች። አማ ጡሜን ቀበሌ ጠርተው «ልጅሽ የት ነው?» አሏቸው። ሌላ እናት አላውቅም ብላ ታለቅሳለች። እሳቸው «አልነግራችሁም» አሉ። ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። ሲፈቱም ከከተማ እንዳይወጡ ተነገራቸው፤ የት እንደሚሄዱ ከታወቀ ልጁ የት እንዳለ መታወቁ ነውና። ከእስር ወጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡና «ቁንጫ አለው» ብቻ አሉ። ስለ ማርቆስ አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዓመት አለፈ።

የአስናቀች ደብዳቤ የመጣው በጥር ነው። አንድ የግብርና ሠራተኛ ልታገባ ነው። እኛ ጓደኞቿ እንደማታገባ ቆርጠንላት ነበር። «አንቺ ካልመጣሽ አልሞሸርም» ብላ ጽፋለች። እንደምትሞሸር አውቃለሁ፤ ግን አንጋጫ ወባ ሲጥለኝ ሁለት ሳምንት ያስታመመችኝ እሷ ናት። መሄድ ነበረብኝ። ባለቤቴ ለሰፈራ ዘመቻ ተልኮ ወደ ኢሉባቦር ሄዷል። ሐናን የምተውለት ሰው የለኝም፤ ተሸክሜያት ሙዱላ ድረስ መሄዱን ማሰብም አቅቶኛል።

ይህን ለአማ ጡሜ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጠረጉ። «እሱን ለኔ ተዪው። አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ። የይለፍ ወረቀቱን ላስጽፍ ስነሳ ደግሞ «ስሜን ምን ያደርግልሻል? ሞግዚት በዪ፤ ይበቃል» አሉኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ሥራ በዝቶበት ስለነበር «ጓድ መምህርት ከልጇና ከአንዲት ሞግዚት ጋር» ብሎ ማኅተሙን መታ። ከከተማ መውጣት እንደማይፈቀድላቸው አልረሳሁም። ለሠርግ ማን ምን ይላቸዋል ብዬ ራሴን አሞኘሁ እንጂ።

ላንድሮቨሩ በሰውና በእህል ተጠቅጥቆ ነበር። ሐና ከሆሳዕና እንደወጣን በአጠገባችን በተቀመጡ ሰውዬ ጋቢ ላይ አስመለሰች። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ያሳድጋት፤ ጋቢው ይታጠባል» አሉ። ቀጥላ ጫማዋን በመስኮት ጣለች። ሾፌሩ ለአንድ እግር ጫማ አይቆምም፤ ሌላኛውን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ በአማ ጡሜ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸው እግራቸው ሥር አንዲት ጥቅል ነበረቻቸው፤ በጉዞው ሁሉ በተረከዛቸው እየነኩ መኖሯን ያረጋግጣሉ።

አንጋጫ ስንደርስ የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው ብዙ ቆመ። ወርደን አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ የድሮ ቤታችንን በዓይኔ ስፈልግ አማ ጡሜ እጃቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ማርቆስ ሙዱላ ነው» አሉ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«እህቴ ዘንድ ነው ያለው። ሠርጉ ቤት እንጨት ሊፈልጥ፣ ውሃ ሊቀዳ ይመጣል። ሹራብ ሠርቼለታለሁ። ዓመት ሆነኝ፤ ፊቱን ላየው ነው። ዱራሜ ኬላ አለ። ሳልነግርሽ ባሻግርሽ ማታለል ይሆንብኛል።»

«አሁን ነው የሚነግሩኝ?»

«ሆሳዕና ብነግርሽ ይዘሽኝ አትመጪም።»

«አልመጣም!»

«እንግዲህ» አሉ።

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። ቢይዙን እሳቸው ይታሰራሉ፣ ማርቆስ ይያዛል፣ እኔም የተሸሸገ ምልምል እናት በሐሰት ወረቀት አሻግሬአለሁ ተብዬ ሥራዬንም ሌላውንም አጣለሁ። ሐና ደግሞ በአንድ እግር ጫማ የት ልትገባ ነው? አማ ጡሜ ንዴቴ እስኪያልፍ አልጠበቁም። «ተመለሺ ካልሽኝ አሁኑኑ ወደ ሆሳዕና በሚሄደው እመለሳለሁ። አልቀየምሽም» አሉ። እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ፤ ችግሩም እሱ ነበር። ሐና ጭናቸው ላይ ሆና ዳቦ ትበላለች፤ ፍርፋሪውን ከአንገቷ ሥር እያነሱ ይጥሉላታል። ተመለሱ አላልኳቸውም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ግማሹ ሐናን ብቻዬን ተሸክሜ መሄድ ፈርቼ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያቺን ሹራብ ሲሠሩ ሳያት ለማን እንደሆነች አለመጠየቄ አሳፍሮኝ ነው።

ኬላው ዱራሜ መግቢያ ላይ በመንገዱ የተዘረጋ ገመድ ነበር። ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ መዝገብና የጠፉ ምልምሎች ዝርዝር። መዝገቡን የያዘው የአገሩ ልጅ የሆነ ወጣት አብዮት ጠባቂ ነው። ዝርዝሩን የያዘው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ አስር አለቃ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ተሰለፈ። ተራችን ሲደርስ ወጣቱ ወረቀቴን አነበበ።

«ሞግዚቷ ስም የላትም?»

«አለኝ። ጡሜ» አሉ፤ የአባታቸውንም ስም ጨመሩ።

«የባልሽ?»

«ጴጥሮስ። ሞቷል።»

«ጴጥሮስ ማን?»

በዚያ አገር ጴጥሮስ በየቤቱ አለ። አስር አለቃው በጣቱ እየተከተለ የያዘው ሦስተኛውን ስም ነበር፤ ማርቆስ ጴጥሮስ ሎምባሞ የሚለውን እኔ ከቆምኩበት ሆኜ ሳላነበው አነበብኩት። አማ ጡሜ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አለቀልን አልኩ በሆዴ። ይቺ ሴት አራት ነን ያለች ሴት ናት።

እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሳቡና ፊታቸውን እስከ አገጫቸው ሸፈኑ።

«አልጠራውም» አሉ።

«ለምን?»

«አማቴ ነው።»

የወጣቱ ፊት ተለወጠ። ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ አነሳ። አንቺ ሲላቸው የቆየውን ትቶ በከምባትኛ፣ በአክብሮት፣ «ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም» አላቸው።

«ምን አለች?» አለ አስር አለቃው።

«ባሊሻ ነው፣ ጓድ አስር አለቃ። እዚህ አገር ሴት የአማቷን ስም አትጠራም።»

«ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው። ትጥራው።»

«ነው ጓድ። ግን አይጠሩትም። የእኔም እናት አትጠራም፤ የአያቴን ስም ከአባቴ ነው የሰማሁት።»

አስር አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። የዚህች ሴት አማት ማን ይባላል?»

በዚህ መካከል ሐና በአማ ጡሜ ክንድ ላይ ሆና የተሸፈነውን ፊት እያየች ነበር። ጨዋታ መስሏታል። መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ቀጥሎ ምን እንደምትል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መንጭቄ ወሰድኳትና፣ ከሦስት ወር በፊት በእሬት ያስጣልኳትን ጡት አውጥቼ አፏ ውስጥ ከተትኩ። ሐና ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ዕድሏን ሳትጠይቅ ተቀበለች።

አስር አለቃው ፊቱን አዞረ።

«አላውቅም» አልኩት።

ወደ ዛፉ እያየ «ባዶውን ተወው። እለፉ» አለ። ወጣቱ ግን ባዶ መተው አልወደደም መሰለኝ፤ የአማት ስም በሚገባበት ቦታ ላይ «አይጠራም» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፈ። ገመዱን ራሱ አነሳልን።

አማ ጡሜ ሙዱላ እስክንደርስ ነጠላቸውን ከፊታቸው አላነሱም። እኔም ሐናን ከጡቴ ማላቀቅ አልቻልኩም፤ እንደገና ለማስጣል ግማሽ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ ሠርጉ ብዙ አልልም። አስናቀች አጥብቃ አቅፋኝ ስታለቅስ ኩሏ ትከሻዬን አጠቆረው። ሐናን አንስታ «ይቺን ነው እንዲህ ያሳደግሻት?» አለች፤ ከእቅፏም ለረጅም ጊዜ አላወረደቻትም። ጸሎት ቤቶቹ ታሽገው ስለነበር መዝሙር አልተዘመረም። በምትኩ የሙዱላው ቀበሌ ሊቀመንበር ስለ ቤተሰብና ስለ ምርት እድገት ረጅም ንግግር አደረገ። ሐና ንግግሩ መሃል ቆጮ ጠየቀች። ቡላ በቅቤ ቀረበ፤ ሰው በላ።

አማ ጡሜ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ማርቆስን ያየሁት የእሳቸውን ዓይን ተከትዬ ነው። ጓሮ እንጨት ይፈልጣል፤ ጢም አውጥቷል፤ ከስቷል። እናቱን አይቷል፤ መፍለጡን አላቆመም። ሊቀመንበሩ በመካከላቸው፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተቀምጦ ሥጋ ይበላል። እናትና ልጅ ተያይተው አንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ማየት ከባድ ነው። እኔ ዓይኔን ወደ ሳህኔ መለስኩ።

አማ ጡሜ ሐናን ጠሩ። ሹራቧን በእጇ አስያዟትና «ለዚያ ጢማም ልጅ ስጪው» አሏት። ሐና በባዶ እግሯ ሰዎቹን እያቋረጠች፣ የሹራቡን እጅጌ መሬት ለመሬት እየጎተተች ሄደች። ማርቆስ መጥረቢያውን አስቀመጠና ተቀበላት። እሷ ሁለት እጇን አነሳች።

«ሎምባሞ!» አለች፤ ሰዉ ሁሉ እስኪሰማ።

ማርቆስ በዚያች ጨዋታ ነው ያደገው። ሐናን አንስቶ ወደ ላይ ወረወራት። ሎምባሞ፤ ወረወራት። ሦስት ጊዜ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ፤ ሕፃን ሲስቅ ማን ይጠላል። ከዚያ ማርቆስ ሐናን ታቅፎ መጣና «ልጅዎን ይያዙ፣ እማማ» አለ፤ ለማያውቃት ሴት እንደሚባለው። አማ ጡሜ ሲቀበሉት እጃቸው ከሐና ሥር ተገናኘ፤ ቶሎም አልተላቀቀም። እሱ ወደ እንጨቱ ተመለሰ። እሳቸው የሐናን አንገት፣ እሱ ታቅፏት የነበረበትን ቦታ፣ ሲያሸቱ ቆዩ።

ያ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ አልተያዩም።

ሆሳዕና ከተመለስን በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ሐና ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወጣች፤ እጇንም አነሳች። አማ ጡሜ አንቀጠቀጧት፤ «ፈረሱን ጫነ ማን?» አሉ፤ ከዚያ ቆሙ። ሐና ስሙን ራሷ ስትለው ወረወሯት። እሳቸው ግን አላሉትም። የደከማቸው መሰለኝ። በኋላ ገበያ አብረን ወጥተን ከሎሚ ሻጭዋ ፊት ቆመው «ያንን ኮምጣጣውን ስጪኝ» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ሎሚ ይመርጣሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ አማታቸው ሲያወሩ «የባሌ አባት» ይላሉ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ባልቴት እንኳ ልብ ብለው «ጡሜ ልቦና ገዛች» አሉ።

ብዙ ጠበቅኩና ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ጠረጉ።

«ለዚያ ልጅ አልጠራውም አልኩት። ያኔ ስለው ውሸት ነበር። ልጁ ደግሞ አመነኝ፤ በእናቱ ዓይን አየኝ። ስለዚህ እውነት አደርገዋለሁ።»

«ካለፈ በኋላ ማን ያውቃል፣ አማ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አውቃለሁ። የላዩም ያውቃል።»

«ታዲያ እስከ መቼ?»

«አልጠራውም ነው ያልኩት» አሉ። «ዛሬ አልጠራውም አላልኩም።»

እኔ በዚያች ኬላ አላውቅም ብዬ ዋሽቻለሁ፤ እውነት ለማድረግ የሞከርኩት ነገር የለም። በእርግጥ ሠላሳ የሚለውን ሪፖርት ደግሜ አልጻፍኩም። ከእሳቸው የተማርኩት ይህን ያህል ነው።

መንግሥት ተለወጠ። ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። ማርቆስ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጅጌዋ ያጠረች ሹራብ ለብሶ መጣ። እናቱ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ነበር። በሰላም መግባቱን ለማክበር በተሰበሰብን ቀን፣ ሻይ እየጠጣን፣ «እንግዲህ አሁን ይጥሩት፤ መንግሥቱም ተለውጧል» አልኳቸው ለማሳቅ። አልሳቁም። «የተለወጠው መንግሥቱ ነው» አሉ። ከዚያ ልጃቸው ዱራሜ መምህር ሆኖ ሲቀጠር ተከትለውት ሄዱ። ሐና በትምህርት ቤት ሎሚን ኮምጣጣው ብላ ሁለት ጊዜ ተስቆባታል። አልተወችውም፤ ዛሬም የራሷን ልጆች «ኮምጣጣውን አቀብሉኝ» ትላለች።

የልጅ ልጅ ሲወለድላቸው ያንኑ ጨዋታ ይጫወቱ እንደነበር ማርቆስ ነግሮኛል። «ማን?» ይላሉ፤ ሕፃኑ ስሙን ይጠራል፤ እሳቸው ይወረውራሉ። ስሙ እንዲህ ሆኖ በቤቱ ቀረ።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ድንኳን ውስጥ ከማርቆስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ጸሐፊው ያነበበው ወረቀት በእጁ ነበር፤ አሳየኝ። የጻፈው እሱ ነው። ከጴጥሮስ ቀጥሎ አንድ ቃል በብዕር ተሰርዟል።

«ጽፌው ነበር» አለ። «ኋላ ሳነበው ሰረዝኩት።»

«አሁን እኮ ቢነበብ ምንም አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ግን ገና አፈር አልገባችም። ልታልፍ ስትል ስሙ ከተጠራ እንደዚያ ኬላ የሚያስቆሟት መሰለኝ።»

አልሳቅኩበትም። አንባቢው «ከአቶ ጴጥሮስ» ብሎ ሲቆም፣ እኔም የአርባ ዓመቷን ሐና አፍ ልይዝ እጄ ተነስቶ ነበር።